ጥያቄና መልስ፦ ያለኝ አንድ ትራክ ነው፣ እኔንም ኦዲት ያደርጉኛል?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች እንዴት ናችሁ። የምኖረው ዳላስ ነው። አራት ዓመት ለሰው ነድቼ ዘንድሮ የራሴን ትራክ ገዛሁና ኤምሲ ነምበር (ጭነት በክፍያ ለማጓጓዝ የሚሰጥ የፈቃድ ቁጥር) አውጥቼ መሥራት ጀመርኩ። ሰሞኑን ኢሜይል መጣልኝ፣ ኒው ኢንትራንት ሴፍቲ ኦዲት (የአዲስ ካምፓኒ የደህንነት ምርመራ) አለብህ ዶክመንቶችህን ኦንላይን አስገባ ይላል። በዛው ሳምንት ደግሞ በፖስታ የመንግሥት የሚመስል ወረቀት መጣ፣ ካልከፈልክ ዲኦቲህ (የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የምዝገባ ቁጥርህ) ይዘጋል የሚል። ጓደኞቼ አንድ መኪና ያለውን ሰው ማን ያየዋል፣ ኢንሹራንስህን ላክላቸውና ተወው እያሉኝ ነው። ሾፌሩም ባለቤቱም እኔው ነኝ እኮ፣ ምኔን ነው ኦዲት የሚያደርጉት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን ለራስህ መኪና አበቃህ። ከፖስታው እንጀምርና እሱን ሳትከፍል አስቀምጠው። አዲስ ዲኦቲ ነምበር ሲወጣ ስምህና አድራሻህ ለሕዝብ ክፍት ነው፣ ስለዚህ ገና ሳምንት ሳይሞላህ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚመስል ስም ይዘው ወረቀት የሚልኩ ድርጅቶች ይጎርፉብሃል። ኦዲቱ በነፃ ነው። በየሁለት ዓመቱ የምታድሰው ኤምሲኤስ 150 የሚባለው የካምፓኒህ መረጃ ፎርምም በነፃ ነው፣ ራስህ ኤፍኤምሲኤስኤ (ትራኮችን የሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት) ዌብሳይት ላይ ገብተህ ትጨርሰዋለህ፣ እነሱ ግን ለሱ ብለው ብዙ ብር ይጠይቁሃል። መቼ እንደምታድስ ማንም እንዲነግርህ አትጠብቅ፣ የዲኦቲ ቁጥርህ የመጨረሻ አሃዝ ወሩን ይነግርሃል፣ 1 ከሆነ ጃንዋሪ 2 ከሆነ ፌብሩዋሪ እያለ ይሄድና 0 ከሆነ ኦክቶበር ነው፣ ከሱ በፊት ያለው አሃዝ ጎዶሎ ከሆነ በጎዶሎ ዓመት ተጋማሽ ከሆነ በተጋማሽ ዓመት ታድሳለህ፣ በቃ።

ኢሜይሉ ግን እውነተኛ ሳይሆን አይቀርም። የላኪው አድራሻ በዶት ጎቭ የሚያልቅ መሆኑን እይና ሊንኩን ሳትነካ በራስህ አካውንት ገብተህ አረጋግጥ። አዲስ ካምፓኒ 18 ወር ክትትል ውስጥ ነው፣ ኦዲቱም ሥራ በጀመርክ በመጀመሪያዎቹ 12 ወራት ውስጥ ይደረጋል። አንድ መኪና ይሁን ሃምሳ ለውጥ የለውም። ጓደኞችህ የሳቱት እዚህ ላይ ነው፣ ሕጉ አንተን አሠሪም ሠራተኛም አድርጎ ነው የሚያይህ፣ ስለዚህ አሠሪው አንተ ስለ ሾፌሩ ስለ አንተ ፋይል መያዝ አለብህ። ያስቃል፣ ግን የራስህን ኤምቪአር (የመንጃ ታሪክ ወረቀት) አውጥተህ፣ የራስህን የሥራ ማመልከቻ ሞልተህ፣ ሜዲካል ካርድህን ጨምረህ በስምህ ፎልደር ውስጥ ታስቀምጣለህ።

የኛ ልጆች በብዛት የሚወድቁት ድራግ ቴስት ላይ ነው። እኔ ራሴን ምን ብዬ ልመርምር ይላሉ። ብቻውን የሚነዳ ባለመኪና ኮንሶርሺየም (ምርመራውን የሚያስተዳድር ድርጅት) ውስጥ መግባት ግዴታው ነው፣ እነሱ ከብዙ ሾፌሮች ጋር ስምህን ቀላቅለው በዕጣ ይጠሩሃል። ክሊሪንግሃውስ የሚባለው የሾፌሮች የድራግ ቴስት ዳታቤዝ ውስጥም እንደ ሾፌር ብቻ ሳይሆን እንደ አሠሪ ተመዝግበህ ኮንሶርሺየምህን መምረጥና በዓመት አንድ ጊዜ ራስህን ኩዌሪ ማድረግ (መዝገብህን መፈተሽ) አለብህ፣ ዋጋው 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው። ይሄ ፕሮግራም ጭራሽ ከሌለህ ሌላው ወረቀትህ ምንም ያህል ቢያምር ኦዲቱን ወድቀሃል፣ ሌላ ነጥብ አያድንህም። ሳልገባ ነዳሁ ካልክ ዛሬውኑ ግባ፣ ቀን ወደ ኋላ የሚጽፍልህ ሰው አለ ቢሉህ ግን እንዳትሞክራት፣ የጎደለ ወረቀት ይስተካከላል የውሸት ወረቀት ግን ሌላ ጣጣ ነው። (ጫት የሚቅሙ ልጆች ምርመራው ላይ አይወጣም ሲሉ እሰማለሁ። የዲኦቲ ምርመራ የሚፈልገው ማሪዋና፣ ኮኬይን፣ አምፌታሚን፣ ኦፒዮይድና ፒሲፒን ነው እውነት ነው፣ ግን ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን እዚህ አገር ሄሮይን ካለበት ዝርዝር ውስጥ ነው ያለው፣ እሱን የሚወስድ ሰው ደግሞ በሕክምና ደንቡ ለንግድ መኪና ብቁ አይደለም። ማሪዋናም ስቴትህ ቢፈቅድም ለሲዲኤል (ለንግድ መኪና መንጃ ፈቃድ) አይሠራም።)

ሁለተኛው ሎግህ፣ የሥራና የዕረፍት ሰዓት መዝገብህ ነው። 11 ሰዓት መንዳት፣ 14 ሰዓት የሥራ መስኮት፣ ከዛ 10 ሰዓት ዕረፍት፣ ይሄን ታውቀዋለህ። የማታውቀው ኦዲተሩ የሚያየው ኢኤልዲህን (ሎጉን የሚመዘግበውን መሣሪያ) ብቻ አለመሆኑን ነው። የነዳጅ ደረሰኝ ይጠይቅሃል፣ ከሎጉ ጎን ያስቀምጠዋል፣ ደረሰኙ አማሪሎ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ናፍጣ ቀድተሃል ሲል ሎጉ ደግሞ በዛው ሰዓት ኦክላሆማ ሲቲ ስሊፐር (የትራኩ መኝታ) ውስጥ ተኝተሃል ካለ አለቀልህ። ቶል፣ የሚዛን ወረቀት፣ ቢል ኦፍ ሌዲንግ (የጭነት ሰነድ) ሁሉም እንደዛው ነው። ስለዚህ ሎግህንም ደረሰኞችህንም 6 ወር ያዛቸው፣ ጃኬት ኪስ ውስጥ ሳይሆን በወር በወር።

የመኪናው ዓመታዊ ኢንስፔክሽንና የጥገና ደረሰኞችህ ከተሟሉ እዛ ላይ ብዙ አትቸገርም። ኢንሹራንሱም ሕጉ ለተራ ጭነት የሚጠይቀው ዝቅተኛው 750,000 ዶላር ነው፣ ጭነት የሚያገናኙ ብሮከሮች ሚሊዮን ካልሆነ ሎድ ስለማይሰጡህ እሱን አልፈኸዋል ብዬ ነው የማስበው። ብትወድቅም ወዲያው አትዘጋም፣ ያጎደልከውን አስተካክለህ በጽሑፍ የምታቀርብበት 60 ቀን ይሰጥሃል፣ ኢሜይሉን ዝም ካልከው ግን ምዝገባህ ይሰረዛል።

ጥያቄ፦ እኔ ኦሮራ ኮሎራዶ ነኝ፣ ባለቤቴ ሦስት ትራክ አለው፣ ወረቀቱን የምሠራው እኔ ነኝ። የአጎቱ ልጅ የራሱን ትራክ ገዝቶ በኛ ኤምሲ እየሠራ ከየሎዱ ፐርሰንት ይሰጠናል። ኢንሹራንሳችን ላይ አልገባም፣ ይወደድብናል ብለን። ባለቤቴ ዘመድ ነው ምን ችግር አለው ይላል፣ እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ተሳስቻለሁ?

መልስ፦ አልተሳሳትሽም እህቴ፣ እንቅልፍ ማጣት ያለበት እንደውም እሱ ነበር። ሰው በናንተ ኤምሲ ሥር መሥራቱ ራሱ ወንጀል አይደለም፣ በሕጋዊ መንገድ ሊዝ ኦን ይባላል፣ በጽሑፍ ውል ይደረጋል፣ በሩ ላይ በሁለቱም ጎን የናንተ ስምና ዲኦቲ ቁጥር ከ50 ጫማ ርቀት በሚነበብ ፊደል ይለጠፋል፣ ልጁም እንደ ሌላ ሾፌር ፋይል ይከፈትለታል፣ ድራግ ቴስት ፑል ውስጥ ይገባል፣ ትራኩም ኢንሹራንሳችሁ ላይ ይጨመራል። እናንተ የምታደርጉት ግን ኤምሲ ማከራየት ነው።

ለባለቤትሽ ይሄን ንገሪው። ልጁ አደጋ ቢያደርስ የተጎዳው ሰው ጠበቃ የሚከሰው እናንተን ነው። ፖሊሲያችሁ ላይ ኤምሲኤስ 90 የምትባል ተቀጥላ አለች፣ ለተጎጂው ጥበቃ ተብላ የገባች ናት፣ ኢንሹራንሱ በሷ ምክንያት ሊስት ላይ ለሌለ ትራክም ጭምር ሊከፍል ይችላል፣ ከፍሎ ግን ዝም አይልም፣ ዞሮ እናንተን ብሬን መልሱ ይላል። ሦስቱም ትራክ ተሸጦ ላይበቃ ይችላል። ይሉኝታ እንደሚይዘው ይገባኛል፣ የአጎት ልጅን አቁም ማለት ከባድ ነው፣ ግን ትራኩ ዛሬ ይቁምና ኢንሹራንስ ኤጀንታችሁ ጋ ደውላችሁ አስገቡት፣ የሚጨምረው ፕሪሚየም ከሱ ድርሻ ይቆረጥ፣ ዘመድ ከሆነ ይሄም ይገባዋል። ሎድ ከመንካቱ በፊት ክሊሪንግሃውስ ላይ ሙሉ ኩዌሪ አድርጊ፣ ድራግ ቴስቱንም ያድርግና ነጻ መሆኑ ይታወቅ።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው፣ መንገድ ላይ ቢያስቆሙኝ በስልኬ አስተርጓሚ አፕ መጠቀም እችላለሁ?

መልስ፦ አይቻልም። እንግሊዝኛ መቻል ድሮም ደንቡ ውስጥ ነበረ፣ ከጁን 25 ቀን 2025 ጀምሮ ግን አለመቻል አውት ኦፍ ሰርቪስ ያስደርጋል፣ ማለትም መኪናውን እዛው ታቆማለህ፣ ሌላ ሾፌር ካልመጣ አይነሳም። ኢንስፔክተሩ በእንግሊዝኛ ያነጋግርሃል፣ ከየት ነው የመጣኸው፣ ምን ጭነሃል፣ ሎግህን አሳየኝ ዓይነት ነገር ነው፣ አፕም ሆነ የተጻፈ ካርድ ወይ ስልክ ላይ ያለ አስተርጓሚ አይፈቀድም። ቀጥሎ የመንገድ ምልክቶች አሳይቶ ምን እንደሚሉ ይጠይቅሃል፣ ጽሑፍ እየተቀያየረ የሚታይባቸውን ኤሌክትሪክ ሰሌዳዎችም ጨምሮ። ሰዋስው አይደለም የሚለኩህ፣ ስለዚህ ከሚስትህ ወይ ከልጅህ ጋር እነዚህን ጥያቄዎች ማታ ማታ ጮክ ብለህ ተለማመድ፣ ልጆች ደግሞ ሲያርሙ አይራሩም።