ጊታር ላይ ስፈጥን ክንዴ ድንጋይ ይሆናል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ዕድሜዬ 22 ነው፤ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ቀን ቃሊቲ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት እንጨት በብርጭቆ ወረቀት ሳለሰልስ እውላለሁ። ማታ ጊታር እለማመዳለሁ። ከፋሲካ በኋላ ከጓደኞቼ ጋር ሠርግ ላይ ስለምንጫወት፣ ፒኪንጌ (ክሩን በፒክ፣ በትንሿ የጊታር መምቻ፣ መምታቴ) እንዲፈጥን ብዬ ሁለት ሦስት ሰዓት ሳላቋርጥ እመታለሁ። አሁን ግን ፈጠን ስል የቀኝ ክንዴ ድንጋይ ይሆናል፣ ያቃጥለኛል። ሌሊት አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ ይደነዝዛሉ። ጓደኞቼ «ቻለው፣ ይለምዳል» ይሉኛል። እናቴ ወጌሻ ጋ ካልወሰድኩህ ትላለች። ጊታሩን ልተወው?

መልስ፦ አትተወው። ጓደኞችህን ግን አትስማቸው።

ጣትን የሚያንቀሳቅሱት ትልልቆቹ ጡንቻዎች ያሉት ክንድ ላይ ነው። ጅማታቸው በእጅ አንጓ አልፎ ጣትን ይስባል። ፒኩን የያዘው ጣትህ ሆኖ ክንድህ የሚቃጠለው ለዚህ ነው። እስቲ ሒሳቡን እንየው። ሜትሮኖሙን (ምት የሚቆጥረውን መሣሪያ) በደቂቃ 120 ምት ላይ አድርገህ በአንድ ምት አራት ጊዜ ክሩን ብትመታ በደቂቃ 480 ይሆናል። በግማሽ ሰዓት 14,400! ያውም ቀኑን ሙሉ ሲፈትግ በዋለ እጅ።

ፒኩን ወደ ታች የሚወስድ ጡንቻ አለ፣ ወደ ላይ የሚመልስም አለ። አንዱ ሲሠራ ሌላው መልቀቅ አለበት። ከአቅምህ በላይ ስትፈጥን ግን ሁለቱም አብረው ይጨብጣሉ። ፍሬንና ነዳጅ አንድ ላይ እንደ መርገጥ ነው። ፍጥነት የሚመጣው ጡንቻው ቶሎ መልቀቅ ሲለምድ ነው፤ ጉልበት አይደለም። እየደረቀ የተለማመደ ክንድ መድረቁን ነው የሚለምደው።

ስለዚህ ለአንድ ሳምንት ፈጣን ነገር አትምታ። ሕመሙ ሲበርድ ከ60 ጀምር። የትዝታ ሜጀር ቅኝት ይበቃሃል፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ አንዴ ወደ ታች፣ አንዴ ወደ ላይ እየመታህ። ክንድህ ልል ሆኖ ከተጫወትክ 4 ወይም 5 ጨምር። ጠንከር ማለት ሲጀምር 10 ቀንስ፤ አትከራከረው። 20 ደቂቃ ተጫውተህ 5 ደቂቃ እጅህን አሳርፍ። ሌሊት 8 ሰዓት ድረስ አትታገል። እጅ የተማረውን አእምሮ የሚያጠናክረው በእንቅልፍም ጭምር ነው።

አያያዝህንም እይ። ከክሩ የሚያልፈው የፒኩ ጫፍ ብቻ ይሁን። እየተጫወትክ ሰው ፒኩን ቢስበው በቀላሉ መውጣት አለበት፤ እምቢ ካለ ጨብጠኸዋል። ጊታሩን ዝቅ አድርጎ ማንጠልጠል ያምራል፣ አልክድም። ግን አንጓህን ያጥፈዋል። የጊታሩ ጠርዝም ክንድህን እንዳይጫነው። የእናንተ ሰፈር ማታ ነፋሱ አይቻልም መሰለኝ፤ እጅህን ለብ ባለ ውኃ አሙቀህ ጀምር።

እኔን ከማቃጠሉ ይልቅ ያሳሰበኝ መደንዘዙ ነው። አውራ፣ ሌባና መሃል ጣት ሌሊት ሲደነዝዙ ብዙ ጊዜ አንጓ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ተጭኖ ነው። አንጓን አጥፎ መተኛት ያባብሰዋል። ፋርማሲ የአንጓ መደገፊያ ታገኛለህ፤ አንጓህን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ይሁን፣ ሳታጠብቅ ለሌሊት እሰረው። በሁለት ሳምንት ካልቀነሰ፣ ቀንም ከደነዘዘህ ወይም ዕቃ ከእጅህ ከወደቀ ጤና ጣቢያ ሂድ፤ ካስፈለገ ሪፈር ይጽፉልሃል። ስኳር ወይም የእንቅርት ችግር ካለብህ ንገራቸው፤ ሁለቱም ይህን ነርቭ ለመጫን ያጋልጣሉ።

እናትህ አይቀየሙኝና፣ እዚህ ላይ የሚመለስ ወለምታ የለም። የተጫነ ነርቭ በኃይል ሲታሽ ሊብስበት ይችላል። አይቡፕሮፌን ውጬ ልጫወት ማለትም አይሆንም። ሕመሙን ይሸፍንልህና ክንድህን ይበልጥ ትጎዳዋለህ፣ ጨጓራህም ይከፍላል።

እስከ ሠርጉ ካልተሻለህ ፈጣኑን ሶሎ ኪቦርድ ለሚጫወተው ስጠውና አንተ ሪትሙን ያዝ። ሥራ ቤትም አለቃህን አናግረው፤ ለጥቂት ሳምንት ከብርጭቆ ወረቀቱ ቢያነሳህ ከማንኛውም ቅባት ይሻልሃል።