ዎርድፕረስ ቴም አፕዴት ሲደረግ ለጠፋው ዲዛይን
ቴም (የዎርድፕረስ ዌብሳይትህን መልክ የሚወስኑ ፋይሎች ስብስብ) አፕዴት ካደረግክ በኋላ ያስተካከልከው ቀለምና የፊደል መጠን የጠፋብህ ለውጡን በራሱ በቴሙ ስታይል ፋይል ላይ ስለጻፍከው ነው። ቴሙ አፕዴት ሲደረግ ፎልደሩ እንዳለ በአዲስ ይተካል።

1. ሆስቲንግህ (ዌብሳይትህ የተቀመጠበት አገልግሎት) ባክአፕ፣ ማለትም የተቀመጠ ቅጂ ካለው ዛሬውኑ ግባና የድሮውን ስታይል ፋይል አውርድ። ነገ ዛሬ አትበል፣ የቆየ ባክአፕ ይሰረዛል።
2. አንተ የጨመርካቸውን መስመሮች ብቻ ለይተህ በዎርድፕረስ ዳሽቦርድ አፒራንስ፣ ከስተማይዝ፣ አዲሽናል ሲኤስኤስ (መልኩን የሚወስነው ኮድ የሚጻፍበት ቦታ) ውስጥ ለጥፍና ፐብሊሽ በል። እዚያ የገባውን አፕዴት አይነካውም።

ፒኤችፒ ፋይል (የቴሙን አሠራር የያዘ ኮድ) ነካክተህ ከነበረ ግን ይሄ አይበቃም፤ ቻይልድ ቴም፣ ማለትም የራስህን ለውጥ ከዋናው ቴም ለይቶ የሚይዝ ተጨማሪ ቴም ያስፈልግሃል።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። አዲሽናል ሲኤስኤስ ከቴሙ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ቴም ስትቀይር ባዶ ሆኖ ታገኘዋለህ። እኔ ሁሌም ኮፒውን ኖትፓድ ላይ አስቀምጣለሁ። በተለይ ለአማርኛ ጽሑፍ የመስመር ክፍተት ያስተካከልኩበትን፤ ስልክ ላይ እስኪያምር ድረስ ብዙ ያለፋል።