ለቁልቢ ገብርኤል የተሳልሁት ገንዘብና የሠራተኞቼ ደመወዝ

ጥያቄ፦

የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣

በድሬዳዋ ሳቢያን አካባቢ አነስተኛ የልብስ ሳሙና ማምረቻ ያለኝ፣ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ያደግሁ ሴት ነኝ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ሥራውን የማስተዳድረው ብቻዬን ነው። የምንጠቀምበት የፓልም ዘይትም ሆነ ኮስቲክ ሶዳው በጅቡቲ በኩል ከውጭ የሚገባ በመሆኑ፣ ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ተለቅቆ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር ካለፈበት ጊዜ ጀምሮ፣ ቀድሞ ለብዙ ወራት ጥሬ ዕቃ የምገዛበት ገንዘብ ዛሬ ለዚያ ጊዜ እኩሌታ እንኳ አይበቃም።

አዲሱ የሳሙና መቁረጫ ማሽን ከወደብ በሰላም እንዲገባልኝ ለቁልቢ ገብርኤል ተስዬ ነበር። ማሽኑ ገብቶ ሥራ ጀምሯል፤ ታኅሣሥ 19 ግን እየቀረበ ሲሆን፣ በእጄ ያለው ገንዘብ ወይ ለስእለቱ ወይ ለኅዳር ወር ደመወዝ እንጂ ለሁለቱም አይበቃም። በማኅበር የምንገናኝ አንድ ወንድም «ስእለትሽን አግቢ፣ ደመወዙን መልአኩ ያመጣዋል» ይለኛል። የሂሳብ ሠራተኛዬ በበኩሉ ሳሙናው ላይ የታተመውን 250 ግራም ሳንነካ ክብደቱን ወደ 220 እንድናወርድ፣ ሌሎች አምራቾችም እንዲሁ እንደሚያደርጉ አጥብቆ ይመክረኛል። ከባንክ መበደር በእግዚአብሔር አለመታመን ይመስለኛል። በመጋላና በቀፊራ ያሉ ባለሱቆች በዱቤ የወሰዱትም ገና አልተከፈለኝም፤ ለክርስቲያን ጭቅጭቅ አይገባም ብዬ ትቼዋለሁ። በእምነቴ ጸንቼ ይህን ሥራ እንዴት ልምራው?

መልስ፦

የተከበሩ እኅታችን፣

አስቀድመው ደመወዙን ይክፈሉ። ይህን የምለው ስእለቱን አቃልዬ አይደለም፤ መጽሐፈ መክብብ ተስሎ ካለመፈጸም አለመሳል እንደሚሻል ይናገራልና ጭንቀትዎ ተገቢ ነው። ነገር ግን ስእለት ሰው ከራሱ ገንዘብ የሚያገባው ነው። ሠራተኞችዎ ወሩን ሙሉ ሠርተው ከጨረሱ በኋላ ደግሞ የደመወዛቸው ልክ የሆነው ብር በእርስዎ ካዝና ቢቀመጥም የእርስዎ አይደለም። ከየደመወዛቸው ተቀንሶ ለጡረታ የሚገባው 7 በመቶም፣ እርስዎ የሚጨምሩት 11 በመቶም እንዲሁ ነው፤ የሂሳብ ሠራተኛዎ እሱን አዘግይቶ ከሆነ ዛሬውኑ ይጠይቁት።

ቅዱሳት መጻሕፍት በዚህ ጉዳይ አያወላውሉም። ከድሆች ገንዘብ ወስዶ መሥዋዕት የሚያቀርብ ሰው ልጅን በአባቱ ፊት እንደሚያርድ መሆኑን፣ የሠራተኛውን ደመወዝ የሚነፍግም ደም እንደሚያፈስ መጽሐፈ ሲራክ ይናገራል። ጌታችንም በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ለእናትና ለአባት ሊሰጥ የሚገባውን «ለእግዚአብሔር ተሰጥቷል» እያሉ የሚነፍጉትን ገሥጿቸዋል። ቅዱስ ገብርኤል የተራበ ቤተሰብ ደመወዝ በእጁ ቢሰጠው ደስ ይለዋል ብዬ ለማመን እኔ በበኩሌ ይከብደኛል። ስለዚህ ጉዳዩን ከማኅበሩ ወንድም ጋር ሳይሆን ከነፍስ አባትዎ ጋር ይነጋገሩበት። የቁልቢ ንግሥ በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ ታኅሣሥ 19 ባይሆን ሐምሌ 19 አለ። እስከዚያው ከራስዎ የወር ወጪ እየቀነሱ ስእለቱን ለብቻው ያስቀምጡ።

የሚዛኑ ነገር ከሁሉ በላይ አሳስቦኛል። ሳሙና ሲመረት ውኃ ስለሚይዝ፣ ከመቁረጫው ሲወጣ 250 ግራም የነበረው በድሬዳዋ ሙቀት መደርደሪያ ላይ ሰንብቶ ሲመዘን እንደሚቀንስ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። እንግዲህ ሐቀኛ አምራች ከመነሻው ከፍ አድርጎ መቁረጥ ሲገባው፣ ሆን ብሎ 30 ግራም ቀንሶ በዚያ ላይ የሚደርቀውን ሲጨምርበት፣ በየቀኑ በሺህ በሚቆጠሩ ሳሙናዎች ላይ የሚጻፍ ውሸት ይሆናል። ጉዳቱም በማን ላይ እንደሚያርፍ ያስቡት፦ ሳሙናውን ባልዲ አጠገብ አስቀምጣ፣ የልጆቿን ዩኒፎርም በእጇ እያሸች፣ ለሳምንት ይበቃኛል ያለችው በአራተኛው ቀን ሲያልቅባት ተጨማሪ በምትገዛው እናት ላይ ነው። ሐሰተኛ ሚዛን በእግዚአብሔር ዘንድ አስጸያፊ መሆኑን መጽሐፈ ምሳሌ ሲናገር ሌሎችም ይሠሩት እንደሆነ አልጠየቀም። ወጪዎ ካልቻለ ክብደቱን ወደ 220 ያውርዱት፤ ግን ማሸጊያውንና ማኅተሙን አስቀይረው 220 ብለው ያሳትሙ፣ ለባለሱቆቹም አስቀድመው ይንገሩ። ሲሊኬት የተባለውን የሳሙና መሙያ መጨመርም በመጠኑ የተለመደ አሠራር ነው፤ የስቡን ድርሻ አሳንሶ ሳሙናውን ለስሙ ብቻ ሳሙና እስኪያደርገው ድረስ ግን አይሂዱበት።

ባንክን በሚመለከት ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሲያሠራ ወደ አምላኩ ጸልዮ በዚያው ላይ ቀንና ሌሊት ጠባቂ አቆመ፤ ጥንቃቄውን የእምነት ማነስ ያለው የለም። የብድሩን ወለድ ከሳሙናው ትርፍ ጋር አስልተው መመለስ እንደሚችሉ ከታየዎት ይበደሩ፤ ካልታየዎት ግን ጸሎት ያሟላዋል ብለው አይፈርሙ።

ከደብዳቤዎ በሁለት ዐረፍተ ነገር ብቻ ያለፉት ዱቤ ግን፣ ለኔ እንደሚመስለኝ፣ የችግሩ ትልቁ ክፍል ነው። ባለሱቆቹ ዘንድ ያለው ብር ምናልባት ስእለቱንም ደመወዙንም ይሸፍን ይሆናል። ገንዘብን በጨዋነት መጠየቅ ጭቅጭቅ አይደለም፤ የሚጠየቀው ዕዳ የሠራተኞችዎ እንጀራ በሆነበት ጊዜ ደግሞ አለመጠየቁ ነው የሚያስወቅሰው። የኅዳር ደመወዝ ቀን ሳይደርስ እርስዎ ራስዎ ደረሰኞቹን ይዘው ወደ መጋላና ቀፊራ ይውረዱ፤ ከእያንዳንዱ ባለሱቅ ጋር ቡና ጠጥተው ሂሳቡን ይተማመኑ፤ መክፈል የሚችለው ይክፈል፣ ያልቻለው በስንት ጊዜ እንደሚከፍል ቀኑን ጽፎ ይፈርም፤ እስኪያጠናቅቅም ድረስ አዲስ ካርቶን በእጅ በእጅ እንጂ በዱቤ አይስጡት።