ልጅዎ በሒሳብ ወደ ኋላ ከቀረ ከትምህርት ቤቱ ምን ይጠይቁ?

7ኛ ክፍል የደረሰው ልጅዎ በሒሳብ ወደ ኋላ እንደቀረና ትምህርት ቤቱም «ይበርታ» ከማለት ያለፈ ነገር እንዳላደረገ ገልጸው፣ ምን መጠየቅ እንደሚችሉ ጽፈዋል። በቅድሚያ የሒሳብ መምህሩን አግኝተው የተከታታይ ምዘና ውጤቱን በየርዕሱ ከፋፍለው እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ፤ ከ100 38 አመጣ መባሉ ብቻ ልጁ የተሰናከለው በክፍልፋይ ይሁን በአሉታዊ ቁጥሮች አይነግርዎትምና። በማስተማር ሥራዬ ደጋግሜ እንዳየሁት፣ የ7ኛ ክፍል ችግር የሚመስለው ነገር ብዙ ጊዜ ሥሩ በ4ኛና በ5ኛ ክፍል ሳይገባ የታለፈ ክፍልፋይ ነው። ስለዚህ በብዙ ትምህርት ቤቶች ከፈረቃ ውጭ ወይም ቅዳሜ የሚሰጠው የማጠናከሪያ ትምህርት፣ የሳምንቱን ምዕራፍ ከመድገም ይልቅ ወደዚያ ቢመለስለት እጅግ ይጠቅመዋል፤ ክፍሉ በሙሉ የሚሰበሰብበት ማጠናከሪያ ግን፣ በእኔ እምነት፣ ለደከመ ልጅ ብዙም አይፈይድም።

እርዳታ ሲዘገይ የሚመጣውን በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና አይተናል፤ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ በመሆናቸው ዩኒቨርሲቲዎች የአቅም ማሻሻያ ትምህርት፣ በተለምዶ ሪሜዲያል የምንለውን፣ መስጠት ጀመሩ። መምህሩ ጋር ካልተግባቡ ርዕሰ መምህሩን፣ ቀጥሎም የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረቱን ያነጋግሩ፤ ይህን የዓመቱ መጨረሻ ሳይደርስ፣ በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ቢያደርጉት ለልጁ ጊዜ ይኖረዋል።