ፍሪጅ ውስጥ የከረመ አይብ፣ ወጥና አዋዜ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ5 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ፍሪጄን ሳጸዳ ከበዓል የተረፈ ዶሮ ወጥ፣ 10 ቀን ያለፈው አይብ፣ ተከፍቶ የተረሳ የቲማቲም ድልህና አማቴ ዓምና ያመጡልኝን አዋዜ አገኘሁ። ድልሁ ትንሽ ሻግቷል፤ የሌሎቹ ሽታ ደህና ነው። አማቴ «አሙቀሽ ብይው፣ ምግብ አይጣልም» ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ነፍሰ ጡር ባይሆኑ ኖሮ መልሴ ለዘብ ይል ነበር። አሁን ግን ከሁሉ በፊት አይቡን ይጣሉት።

ፍሪጅ ባክቴሪያን ያዘገየዋል እንጂ አይገድለውም። ሊስቴሪያ የሚባለው ደግሞ እዚያው ቅዝቃዜ ውስጥ ቀስ እያለ ይራባል። የምግቡን ሽታም ጣዕምም ስለማይለውጥ አሽትተው አይደርሱበትም። አይብ አሬራው ለስለስ ባለ እሳት ሞቆ እንጂ ፈልቶ ስለማይሠራ፣ እርጥብም ስለሆነ ይመቸዋል። እናትየዋን እንደ ጉንፋን ነካ አድርጓት ሊያልፍ ይችላል፤ ጽንሱን ግን እስከ መጨንገፍ ወይም ሞቶ እስከ መወለድ ያደርሰዋል።

ዶሮ ወጥ ፍሪጅ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ቀን ቢቆይ ነው። አማትዎ የለመዱት ማታ ማታ እያፈሉ ማቆየትን ይሆናል። ማፍላት ባክቴሪያውን ይገድላል፤ ወጡ ውጭ ሲውል ስታፊሎኮከስ የሚባል ባክቴሪያ የረጨበትን መርዝ ግን አያጠፋም። ትውከቱን የሚያመጣው ያ መርዝ ነው። ለካስ አሙቀን በልተን የታመምነው በዚህ ነው ይሉ ይሆናል፤ አዎ። መብራት ሲጠፋም በሩ ካልተከፈተ ፍሪጁ ቅዝቃዜውን የሚይዘው ለ4 ሰዓት ያህል ነው።

ድልሁን ላዩን ገፎ መብላት አይሆንም፤ እንዲህ ባለ እርጥብ ምግብ ሻጋታው ከሚታየው በላይ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ሌላ ጊዜ ቆርቆሮው እንደተከፈተ ወደ ብርጭቆ ዕቃ ይገልብጡትና በሳምንት ውስጥ ይጨርሱት።

አማትዎ የሚከራከሩለት ነገር ካለ አዋዜው ነው። ጨው፣ በርበሬና አረቄ በደንብ የገባበትና በደረቅ ማንኪያ ሲጨለፍ የኖረ ከሆነ ከአራቱ የማያሰጋኝ እሱ ነው። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ከዘይት ጋር ከገባበት ግን ይጣል። አየር በማያገኘው ዘይት ሥር የቦቱሊዝም (ጡንቻን የሚያሽመደምድ የምግብ መመረዝ) ባክቴሪያ መርዝ ሊሠራ ይችላል፤ ያም አይሸትም።

ከአይቡ ቀምሰው ከሆነ አይደንግጡ፤ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይመጣም። ሆኖም ሊስቴሪያ ከተበላ ከ2 ወር በኋላም ብቅ ሊል ስለሚችል፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ ትኩሳት፣ ቁርጥማት ወይም የጽንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ ካለ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይሂዱ። «ታይፎይድ ነው» ብለው በራስዎ መድኃኒት አይግዙ። የደም ምርመራ እንዲታዘዝልዎ አይብ መብላትዎን ይናገሩ፤ በጊዜ ከተደረሰበት ለነፍሰ ጡር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ አለው።