የአንባቢያን ጥያቄ፦ መስኮቱን ኮምፒውተሩ ይደርድርልህ

ባለፈው እትም ስለ ታይሊንግ ዊንዶ ማኔጀር ነካ አድርገን አልፈን ነበር። ያው የምትከፍቱት ፕሮግራም ሁሉ ሳይደራረብ ስክሪኑን በራሱ እየተካፈለ የሚቀመጥበት፣ ከማውዝ ይልቅ በኪቦርድ የሚነዳ ዴስክቶፕ ማለት ነው። ከዛ ወዲህ ከባህር ዳር ብዙ ጥያቄ ስለመጣ የዛሬውን ገጽ ሙሉ ለሙሉ ለሱ ሰጥተነዋል።

ሰላም ጋሼ፣ ፖሊ ግቢ የሶፍትዌር ተማሪ ነኝ። ላፕቶፔ አሮጌ ነው፣ ራሙ 4 ጊጋ ነው። ቪዲዮ ላይ ሃይፕርላንድ የሚባለውን ታይሊንግ ዊንዶ ማኔጀር አይቼ በጣም ወደድኩትና የአንዱን ሰውዬ ኮንፊግ እንዳለ ገልብጬ ጫንኩ። አሁን ስገባ ባዶ ስክሪንና የማውዝ ቀስት ብቻ ነው፣ ምንም አይከፈትም። ፎርማት ላድርገው?

ኧረ ወንድሜ ፎርማት እንዳታደርግ፣ ምንም የጠፋብህ ነገር የለም። የሆነው ምን መሰለህ፣ የገለበጥከው ኮንፊግ (የሴቲንግ ፋይሉ) የሚጠራቸው ፕሮግራሞች አንተ ጋ የሉም። ሰውዬው ጋ ያየኸው ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት)፣ ከላይ ያለው ባር፣ የፕሮግራም መፈለጊያው፣ የጀርባው ፎቶ ሳይቀር ለየብቻ የተጫኑ ናቸው፣ ሃይፕርላንድ ራሱ መስኮት ከመደርደር ውጪ ይዞት የሚመጣው ትንሽ ነው፣ ስለዚህ አንተ ቁልፉን ስትጫን የታዘዘውን ፕሮግራም ይፈልጋል፣ ያጣዋል፣ ዝም ይላል። በዛ ላይ ሃይፕርላንድ በ2022 የመጣ ገና ልጅ ነው፣ የኮንፊጉ አጻጻፍ ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል፣ የቆየ ቪዲዮ ላይ የነበረ መስመር ዛሬ ስህተት ሊሆን ይችላል።

አሁን እንዲህ አድርግ። ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ3 አንድ ላይ ተጫን፣ ጽሑፍ ብቻ ያለበት ጥቁር ስክሪን ይመጣል፣ በዩዘርኔምና በፓስወርድህ ግባ፣ ፓስወርዱን ስትጽፍ ምንም ባይታይህም እየገባ ስለሆነ አትደንግጥ። ከዛ ሆም ውስጥ ዶት ኮንፊግ ከሚባለው ፎልደር ስር ሃይፕር የሚለውን ፎልደር ስሙን ቀይረው፣ እንዳታጠፋው። ኪቲ የሚባለውን ተርሚናልም ጫን። ተመልሰህ ስትገባ ሃይፕርላንድ የራሱን ኮንፊግ አዲስ ይፈጥራል፣ እዛ ላይ ሱፐርና ኪው ኪቲን ይከፍታል፣ ሱፐርና ሲ መስኮቱን ይዘጋል፣ ሱፐርና ኤም ያስወጣሃል። ሱፐር የምልህ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ነው።

ግን እውነቱን ልንገርህ፣ በ4 ጊጋ አሮጌ ላፕቶፕ እኔ ብሆን በሃይፕርላንድ አልጀምርም። ያ ያማረህ ብዥታና አኒሜሽን በሙሉ የግራፊክስ ካርድ ስራ ነው፣ እሱን ካጠፋኸው ደግሞ ለምን ሃይፕርላንድ አልክ። አይ3 በሚባለው ሌላ ታይሊንግ ዊንዶ ማኔጀር ጀምር። ማይክል ስታፕልበርግ በ2009 ያወጣው ነው፣ የረጋ ነው፣ ኮንፊጉ ተራ ጽሑፍ ነው። በኋላ ወደ ዌይላንድ (ሃይፕርላንድም የሚሰራበት አዲሱ የስክሪን ማሳያ ሥርዓት) መሄድ ካማረህ ስዌይ የሚባለው የአይ3ን ኮንፊግ ከሞላ ጎደል እንዳለ ያነብልሃል፣ ስለዚህ የደከምክበት አይጠፋም።

አይ3ን ከአፕት (ከኡቡንቱና ከመሰሎቹ ፕሮግራም መጫኛ) ስትጭነው ያለህን ዴስክቶፕ አይነካብህም። ሎግ ኢን ስክሪኑ ላይ ስምህን ከነካህ በኋላ ከጥግ የምትመጣዋን የጥርሳም ጎማ (የሴቲንግ) ምልክት ተጭነህ አይ3 የሚለውን ትመርጣለህ፣ ካልተመቸህ በዛው መንገድ ትመለሳለህ። መጀመሪያ ስትገባ ኮንፊግ ልፍጠርልህ ወይ ይልሃል፣ እሺ በለው፣ ዋና ቁልፍህን ሱፐር አድርግ፣ ምክንያቱም አልትን ብዙ ፕሮግራም ለራሱ ይፈልገዋል። ከዛ ሱፐርና ኢንተር ተርሚናል፣ ሱፐርና ዲ የፕሮግራም መፈለጊያ፣ ሱፐር ሺፍት ኪው መዝጊያ፣ ሱፐርና ቁጥር ደግሞ ወደ ሌላ ወርክስፔስ (ሌላ የስክሪን ገጽ) መሄጃ ነው፣ ሺፍት ከጨመርክበት መስኮቱን ወደዛ ይወስድልሃል። ሱፐርና ቪ ካልክ ቀጥሎ የምትከፍተው ከስር ይገባል፣ ሱፐርና ኤች ካልክ ከጎን። ለመጀመሪያው ሳምንት ይሄ ይበቃሃል።

እና እባክህ የሰው ኮንፊግ አትገልብጥ! አንብበው፣ ተማርበት፣ ግን የራስህን ከባዶው ጀምር። ስትሰራ ያናደደህን አንድ ነገር ደብተር ላይ ጻፍ፣ ማታ ያንን አንዱን ብቻ አስተካክል፣ ሱፐር ሺፍት ሲ ብለህ ኮንፊጉን ሪሎድ አድርግ፣ ከተበላሸ የትኛው መስመር እንደሆነ ታውቀዋለህ። መጀመሪያ የሚያናድድህ ምናልባት የብርሃን መጨመሪያው ቁልፍ መስራት ማቆሙ ይሆናል፣ የድምፁ መስመር አብሮ ተጽፎ ይመጣል የብርሃኑ ግን አይመጣም፣ ብራይትነስ ሲቲኤል የሚባለውን ጭነህ ቁልፉን ከሱ ጋር አንተው ታስረዋለህ። ስድስት መቶ መስመር ገልብጦ ከመኮፈስ በእጅህ የጻፍካት ያቺ አንድ መስመር ትበልጣለች።

እንዴት ነህ ወንድሜ፣ ፔዳ ግቢ ማስተርሴን እየተማርኩ ነው፣ ቴሲሴን የምጽፈው በአማርኛ ነው። ኡቡንቱ ላይ አይ3 ጭኜ በጣም ተመችቶኝ ነበር፣ ግን አማርኛ መጻፍ አቃተኝ፣ በፊት ሱፐርና ስፔስ ስል ይቀየርልኝ ነበር። ላይ ያለው የፋይል ስምም አይነበብም።

እህቴ ይሄ ጥያቄ በጣም ደስ ብሎኛል፣ ምክንያቱም ስለ ዊንዶ ማኔጀር የሚያስተምረው ሁሉ የሚያስበው በእንግሊዝኛ ለሚጽፍ ሰው ነው፣ እኛ ደግሞ አማርኛ ካልተጻፈበት ኮምፒውተሩ ግማሽ ነው። ያንቺ ችግር ሁለት ነገር ነው።

አንደኛ፣ በፊት የነበረሽ ዴስክቶፕ አይባስ የሚባለውን የቋንቋ መጻፊያ ፕሮግራም ራሱ ያስነሳልሽ ነበር፣ አይ3 ግን ያላዘዝሽውን አያስነሳም። መጀመሪያ አይባስ ኤም17ኤን የሚባለውን ፓኬጅ መኖሩን እይ፣ አማርኛው ያለው እሱ ውስጥ ነው። ከዛ ኢም-ኮንፊግ በሚባለው ትእዛዝ አይባስን ምረጪ፣ ይሄ ፕሮግራሞቹ ሁሉ ጽሑፍ ከአይባስ እንዲቀበሉ ያደርጋል። ከዛ የአይ3 ኮንፊግ መጨረሻ ላይ ኤግዜክ ብለሽ የአይባስ ዴመንን (ከጀርባ የሚሰራውን ክፍል) የሚያስነሳ አንድ መስመር ጨምሪ። ኤግዜክ ነው የምልሽ፣ ኤግዜክ ኦልዌይስ አይደለም፣ ሁለተኛው አይ3ን ሪስታርት ባደረግሽ ቁጥር ደግሞ ደጋግሞ ያስነሳዋል። በመጨረሻ የአይባስ ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ አማርኛ ሴራ የሚለውን ጨምሪ፣ በድምፁ ነው የሚጻፈው፣ ሰላም ለማለት በእንግሊዝኛ ፊደል እንደምትጽፊው ትመቺዋለሽ።

ሁለተኛው ነው ብዙ ሰው የሚያደክመው። ሱፐርና ስፔስ የአይባስ ቋንቋ መቀየሪያ ነው፣ አይ3 ግን ይሄንኑ ቁልፍ ከተደረደሩት መስኮቶች ወደ ተንሳፋፊው መሸጋገሪያ አድርጎ ይዞታል፣ እና አይ3 ቀድሞ ስለሚይዘው አይባስ ጋ አይደርስም፣ አንቺ ትጫኛለሽ ምንም አይሆንም፣ አይባስ የተበላሸ ይመስልሻል። ኮንፊጉን ክፈቺና ፎከስ ሞድ ቶግል የሚል መስመር ፈልጊ፣ መጀመሪያው ላይ የሃሽ ምልክት አድርጊበት፣ ያኔ አይ3 መስመሩን አያነበውም። ሎግ አውት ብለሽ ተመልሰሽ ግቢ። አንዳንዱ በተቃራኒው የአይባሱን ወደ ኮንትሮልና ስፔስ ቀይሩ ይላል፣ ኮድ ለሚጽፍ ሰው ይሄ ጥሩ አይደለም፣ ብዙ ኤዲተር ለማሟያ ይጠቀምበታል። ለቋንቋ ያንን ቁልፍ እጅሽ ለምዶታል፣ ለሱ ተይለት።

የማይነበበው ስም የፎንት ጉዳይ ነው። አይ3 የሚመጣው በ8 ሳይዝ ሞኖስፔስ ነው፣ ለእንግሊዝኛ ይሁን፣ የኛ ፊደል ግን በዛ መጠን ጸ እና ጻ እንኳን አይለይም። አቢሲኒካ ሲል ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ጫኚና ፎንት የሚለውን መስመር በሱ ቀይሪ፣ ሳይዙን 11 አድርጊው። ተርሚናል ውስጥ ግን ፊደሎቹ ተጨናንቀው ቢታዩሽ ፎንቱ አይደለም፣ ተርሚናል ለእያንዳንዱ ፊደል እኩል ጠባብ ቦታ ነው የሚሰጠው፣ የኛ ፊደል ሰፊ ስለሆነ አይበቃውም። ቴሲሱን ሊብሬ ኦፊስ ላይ ጻፊው።

ጤና ይስጥልኝ። ጊዮርጊስ አካባቢ የህንፃ መሳሪያ መደብር አለኝ። ልጄ ዴስክቶፔ ላይ አይ3 ጫነልኝና ለስራ አዲስ አበባ ሄደ። ለሂሳብ ጥሩ ነው፣ ነገር ግን መብራት ሄዶ ሲመጣ የከፈትኩት ሁሉ ይጠፋል፣ እንደነበረ የሚመልስ ነገር አለ?

ጤና ይስጥልኝ አባቴ። እንደነበረ ሙሉ ለሙሉ የሚመልስ የለም፣ አይ3 የመስኮቶቹን አቀማመጥ በፋይል ማስቀመጥ ይችላል፣ በውስጣቸው የነበረውን ስራ ግን አይዝም። የተሻለው መንገድ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሁሉም ነገር በየቦታው ራሱ እንዲከፈት ማድረግ ነው። ለምሳሌ የሂሳብ ሰንጠረዡን ፋይል የሚከፍት አንድ የኤግዜክ መስመር፣ ፋየርፎክስን የሚከፍት ሌላ፣ ከዛ አሳይን በሚለው ትእዛዝ ሂሳቡን ወርክስፔስ 1፣ ፋየርፎክስን ወርክስፔስ 2 ላይ ማሰር። ለማሰር የፕሮግራሙ ክላስ ስም ያስፈልጋል፣ ተርሚናል ላይ ኤክስፕሮፕ ብለው መስኮቱን ጠቅ ሲያደርጉ ከሚወጣው ጽሑፍ ውስጥ ዳብልዩኤም ክላስ ከሚለው ፊት ሁለት ስም ይታያል፣ ሁለተኛው ነው የሚፈለገው። ይሄን ልጅዎ በስልክ አብሮዎት ሊያደርገው ይችላል፣ ይሄን ገጽ አንስተው ይላኩለት።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሂሳቡ እንዳይጠፋ ያድርጉ። ሊብሬ ኦፊስ ለማገገሚያ የሚያስቀምጠው እንዳለ ከተተወ በየ10 ደቂቃው ነው፣ በኛ ከተማ መብራት ይሄ ረጅም ነው፣ ኦፕሽን ውስጥ ሎድና ሴቭ የሚለው ጋ ገብተው 2 ደቂቃ ያድርጉት። አቅም ካለ ትንሽ ዩፒኤስ ይግዙ፣ ዋናው ጥቅሙ ሴቭ አድርገው ለመዝጋት ጊዜ ማግኘትዎ ነው።

አባይ ማዶ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ቤት አለን፣ ዊንዶውስ ነው የምንጠቀመው፣ ለኛም ይሆናል?

ይሆናል፣ ግን ለሱ ብላችሁ ሊኑክስ አትጫኑ፣ ደንበኛ በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ፋይል በፍላሽ ይዞ ሲመጣ መክፈትና ማረም አለባችሁ። ዊንዶውስ 11 ከሆነ የዊንዶውስ ቁልፍና ዜድ ስትጫኑ ስክሪኑን መከፋፈያ ምርጫ ይመጣል። ከዛ በላይ ካስፈለጋችሁ ፓወር ቶይስ የሚባል የማይክሮሶፍት ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ውስጡ ፋንሲ ዞንስ አለ፣ ስክሪኑን እንደፈለጋችሁ ከፋፍላችሁ ሺፍት ይዛችሁ መስኮቱን ስትጎትቱ ክፍሉ ውስጥ ልክክ ይላል። ስካን የተደረገውን በግራ፣ የምትጽፉበትን በቀኝ አድርጉት። በኪቦርድ ብቻ የሚነዳ ካስፈለገ ግላዝ ዳብልዩኤም አለ፣ ለሱቅ ግን ፋንሲ ዞንስ ይሻላል፣ አዲስ የተቀጠረች ልጅም ሳትማር ትሰራበታለች።