ለባልንጀራዬ በሠርጓ ቀን የምዘምረው ግጥም ዘፈን ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ እንደምን ከረሙ? በአጥቢያችን ሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪት ነኝ። ታምሜ አልጋ ላይ በዋልኩበት ጊዜ ሰባት ወር ሙሉ ያስታመመችኝ ባልንጀራዬ በመጪው ጥር በተክሊል ታገባለች። ለውለታዋ ግጥም ጻፍኩ፤ ዜማ ሰጥተነው ከተክሊሉና ከቅዳሴው በኋላ በዐውደ ምሕረቱ ላይ በከበሮ ልንዘምርላት ተዘጋጀን። የመዝሙር ክፍሉ ኃላፊ ግን «ይህ ለሰው የተዘፈነ ዘፈን ነው» ብሎ ከለከለን። አዝማቹ ይህ ነው፦

አንቺ ካለሽልኝ ምንም አይጎድለኝም፣
ካንቺ ሌላ ተስፋ መጠጊያ የለኝም፤
በክፉ ቀን ቆመሽ ከጎኔ ሳገኝሽ፣
እስከ ዕለተ ሞቴ ቆሜ ልጠብቅሽ።

ሰውን በዜማ ማመስገን፣ «አልለይሽም» ማለት ኃጢአት ነው ወይ?

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እኅቴ ሆይ፣ ኃጢአት አይደለም። መዝሙርም ግን አይደለም። ኃላፊው «ዘፈን» ሲል ስሙን ስቶታል፤ ከዐውደ ምሕረቱ መከልከሉ ግን ትክክል ነው። እነዚህን ሁለቱን ለይተሽ ካላየሽ ወይ በከንቱ ታዝኛለሽ፣ ወይ ደግሞ የማይገባውን ነገር ወደማይገባው ቦታ ታስገቢያለሽ።

መጀመሪያ ስሙን እንይ። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ገላትያ 5፥21 ነው፤ በዚያ «ዘፋኝነት» ከስካር ቀጥሎ ተቆጥሯል። ሮሜ 13፥13 ላይም «በዘፈንና በስካር አይሁን» ይላል። በሁለቱም ቦታ በግሪኩ ያለው ቃል አንድ ነው፤ ኮሞስ ይባላል። ጠጥቶ፣ ሰክሮ፣ ሌሊቱን በጭፈራ እየጮኹ መዞር ማለት ነው። ሐዋርያው ዘፈንን ከስካርና ከዝሙት ጋር በአንድ ገመድ ያሰረው ለዚህ ነው። ይህን ስል ለዘፈን ፈቃድ መስጠቴ እንዳይመስልሽ። ገላን የሚያሞግስ፣ ምኞትን የሚያነሣሣ፣ ከመጠጥ ጋር የሚሄድ ዜማ ለክርስቲያን አይገባም፤ በዚህ ላይ አባቶች አልተለያዩም። ነገር ግን እናት ልጇን እሹሩሩ ስትል፣ ገበሬ በደቦ እየተቀባበለ ሲያጭድ፣ ለቅሶ ላይ የሟች በጎነት በዜማ ሲነገር፣ ሐዋርያው የከለከለውን እያደረጉ ነው አንልም። ያንቺም ግጥም ከዚህ ወገን ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ለሰው የተቀኘ ቅኔ አለው። ዳዊት የዮናታንን ሞት በሰማ ጊዜ የተቀኘውን በ2ኛ ሳሙኤል 1፥19-27 አንብቢው። «ወንድሜ ዮናታን ሆይ» እያለ ስለ ፍቅሩ ይናገራል። ልብ በይ፣ በዚያ ቅኔ ውስጥ የእግዚአብሔር ስም አንድ ጊዜ እንኳ አልተጠራም። እንዲያም ሆኖ ዳዊት የይሁዳ ልጆች እንዲማሩት አዘዘ። ወደ መዝሙረ ዳዊት ግን አልገባም፤ መቶ ሃምሳው መዝሙራት ውስጥ ብትፈልጊው አታገኚውም። ለጥያቄሽ ከዚህ የተሻለ መልስ ያለ አይመስለኝም፦ ቅኔው የተፈቀደ ነው፣ ስፍራው ግን ሌላ ነው።

የሩትም ቃል አለ፤ «ወደምትሄጂበት እሄዳለሁ፣ በምታድሪበት አድራለሁ» ያለችው (ሩት 1፥16)። በየሠርግ ጥሪው ላይ ሙሽራ ለሙሽራ የተናገረው እየመሰለ ይታተማል እንጂ ቃሉስ ምራት ለአማቷ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ባሏና ልጆቿ ለሞቱባት ሴት የተናገረችው ነው። ስለዚህ እኅት ለእኅቷ ብትለው ከጋብቻው ይልቅ ወደ መጀመሪያ ቦታው ይቀርባል።

አሁን ወደ ዐውደ ምሕረቱ እንመለስ። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የተሰበሰበው የሎዶቅያ ጉባኤ በ59ኛው ቀኖናው ግለሰቦች በራሳቸው የደረሱት መዝሙር በቤተ ክርስቲያን እንዳይባል ከልክሏል፤ በ53ኛው ደግሞ ክርስቲያኖች ሠርግ ሲጠሩ በጭፈራ እንዳይዘሉ፣ በጨዋነት እንዲመገቡ ያዛል። የእኛም ቤተ ክርስቲያን የቅዱስ ያሬድን ዜማ የያዘችው ሌላ ዜማ የሚደርስ ስለጠፋ አይደለም፤ በቅጥሯ የሚሰማው ቃል የአንድ ሰው ስሜት ሳይሆን የጉባኤው ሁሉ ጸሎት እንዲሆን ነው። የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር እንኳ በአማርኛ ቢሆንም ታርሞ፣ ተመርምሮ፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ «አሜን» የሚልበት ሆኖ ነው የሚቀርበው። «ያስታመምሽኝ» የሚለውን ቃል አንቺ ከልብሽ ትይዋለሽ። አጠገብሽ ቆሞ የሚያጨበጭበው ያልታመመ ሰውስ? ምን ብሎ ይቀበልሽ? ለሰው የተደረሰ ግጥም ለማኅበር የማይሆነው በዚህ ነው።

ሌላም ነገር አለ፣ ብዙ መዘምራን የሚዘነጉት። በተክሊል ቀን ሙሽሮቹ ቀለበቱን አጥልቀው፣ ቅብዐ ቅዱሱን ተቀብተው፣ አክሊሉን ደፍተው፣ ቅዳሴውን አስቀድሰው ቆርበው ነው የሚወጡት። ቢያንስ ለ18 ሰዓት እህል ውኃ አልቀመሱም። የቆረበ ሰው ደግሞ አፉን ሸፍኖ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይቆያል እንጂ «እስቲ አብራችሁን ዘምሩ፣ እልል በሉ» ተብሎ አይጎተትም። በደጀ ሰላሙ ዘጠኝና ዐሥር መዝሙር ደርድሮ፣ ካሜራ ከፊት ከኋላ አሰልፎ ሙሽሮችን ፀሐይ ላይ ማቆም ፍቅር አይባልም። ሁለት የታወቀ የሠርግ መዝሙር፣ ቢበዛ ሦስት፤ ከዚያ ወደ ቤታቸው ሸኙዋቸው።

ግጥምሽን ደግሞ በስንኝ በስንኙ ልየው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስንኞች መታረም አለባቸው። «ምንም አይጎድለኝም» የዳዊት ቃል ነው፤ በግእዙ «እግዚአብሔር ይሬዕየኒ ወአልቦ ዘየኃጥአኒ» ይላል (መዝ. 22፥1)፤ እግዚአብሔር እረኛዬ ነው፣ ምንም አይጎድለኝም ማለት ነው። አንቺ ቃሉን ሳትነኪ ባለቤቱን ለወጥሽው፤ እረኛው ወጥቶ ባልንጀራሽ ገባች። «ሌላ ተስፋ የለኝም» ደግሞ በሰው ልጅ ተስፋ አታድርጉ ከሚለው ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል (መዝ. 145፥3)። አውቀሽ እንዳላደረግሽው ይገባኛል፤ አማርኛችን ሰውን ሲወድ ማጋነን ይወዳል፤ «ነፍሴ ነሽ»፣ «ካላንቺ አልኖርም» እንላለን። በቡና ላይ የተነገረ እንደሆነ ከስኒው ጋር ይታጠባል። በዜማ ሲሆን ግን ይደጋገማል፣ በቃልም ይያዛል። ለዚህ ነው ከግጥሙ ሁሉ አስቀድሞ አዝማቹ የሚመረመረው፦ ሌላው ስንኝ አንድ ጊዜ ተብሎ ያልፋል፤ አዝማቹን ግን ተቀባዩ አምስት ስድስት ጊዜ ይመልሰዋል። ስሕተቱ አዝማች ላይ ካለ ሕፃናቱ ቤታቸው ይዘውት የሚሄዱት ስሕተቱን ነው።

ስንኝሽ የወል ቤት ነው፤ በየስንኙ ግማሽ (በየመንፈቁ) ስድስት ስድስት ቀለም፣ ማለትም የድምፅ ምት፣ ይዟል። ምቱ ሳይሰበር ይህን መሞከር ይቻላል፦

አንቺን የሰጠኝን አልረሳም አምላኬን፣
በእጅሽ ያጎረሰኝ የዕለት እንጀራዬን፤

ምን እንደተለወጠ እይ። ውለታዋ አልቀነሰም፤ እንዲያውም እጇና ጉርሻው በዓይን የሚታይ ሆነ። ሰጪው ግን ቦታውን አገኘ። እጅ የእርሷ፣ እንጀራው የእርሱ።

ሦስተኛው ስንኝ መልካም ነው፣ አትንኪው። አራተኛው ላይ ትንሽ እንቆይ። «እስከ ዕለተ ሞቴ» ማለት ተስፋ ነው ወይስ መሐላ? ጴጥሮስ «ሁሉም ቢሰናከሉ እኔ አልሰናከልም» ብሎ ዶሮ ሳይጮኽ ሦስት ጊዜ ክዷል። ሩት ግን ከሞት በቀር አይለየንም ብላ ቃሏን ጠብቃለች። ልዩነቱ የቃሉ ማማር አይደለም። ሩት ቤተ ልሔም በደረሰች ጊዜ ወደ እርሻ ወጥታ እስከ ማታ ቃረመች፤ የቃረመችውን ስትወቃው አንድ የኢፍ መስፈሪያ ያህል ገብስ ሆነ (ሩት 2፥17)፤ ተሸክማ ወስዳ ለአማቷ ሰጠቻት። ስለዚህ በዜማ ቃል ስትገቢ ልትሸከሚው የምትችዪውን መጠን ግቢ። ዕድሜ ልክሽን ቆመሽ ልትጠብቂያት አትችዪም፤ የራስሽ ኑሮ አለ፣ እርሷም ጠባቂ ባል አግብታለች። ይልቅስ፦

በክፉ ቀን ቆመሽ ከጎኔ ሳገኝሽ፣
ሌሊት ብትጠሪኝ ልነሣ ልምጣልሽ።

ይህን ማድረግ ትችያለሽ። «ከእናንተ እያንዳንዱ የሌላውን ሸክም ይሸከም» የተባለውም (ገላ. 6፥2) እንዲህ ባለ ነገር ነው የሚፈጸመው፦ ምጥ ሲመጣባት፣ ልጅ ሲታመምባት፣ ቤት ኪራይ ሲጎድልባት። ግጥሙን ሳትጽፊ በፊት በልብሽ ቁጠሪው።

ሌላው፣ ግጥሙ ሁሉ «አንቺ» ብቻ ነው። ሠርግ ላይ ነው የምትዘምሪው፤ ሙሽራው አጠገቧ ተቀምጦ እንደ እንግዳ እንዳይሰማ ቢያንስ አንድ አርኬ (የግጥሙ አንድ ክፍል) ለሁለቱ ይሁን። ጉዳዩን ከመክብብ 4፥9-12 ውሰጂ፦ አንዱ ቢወድቅ ሁለተኛው ያነሣዋል፣ በሦስት የተገመደ ገመድም ፈጥኖ አይበጠስም። ከአራት አርኬ አትለፊ፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ሰው ያወራል።

ዜማውን በተመለከተ «ዜማ ሰጥተነው» ብለሻል እንጂ ከየት እንዳመጣችሁት አልነገርሽኝም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ ቅኝቶች ናቸው፤ ቅኝት በራሱ ኃጢአት የለበትም። የታወቀ የዘፈን ዜማ ላይ ቃል ለውጣችሁ ከሆነ ግን ተዉት። አንቺ አዲሱን ቃል ትዘምሪያለሽ፣ የሰሚው ጆሮ አሮጌውን ይሰማል፤ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ከጥግ አንዱ ትከሻውን መነቅነቅ ይጀምራል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ቃሉን ትታችሁ ዜማውን ብቻ ለማያውቀው ሰው አሰሙት። «ይህ የእገሌ ዘፈን አይደለም እንዴ?» ካለ ሌላ ፈልጉ።

«ታዲያ የት ይባል?» ብትዪኝ፣ የሠርጉ ዋዜማ አይሁን፤ ያን ማታ ሙሽሮቹ ለቁርባን ይዘጋጃሉ፣ ቤቱ ጸጥ ቢልላቸው ይሻላል። በሠርጉ አዳራሽም ጫጫታው ይውጠዋል፤ መጠጥ ከተቀዳ በኋላ ከሆነ ደግሞ ያው ኃላፊው የፈራው ነገር ደረሰ። ከሁሉ የሚሻለው መልስ ነው። ቤተ ዘመድ ብቻ ተሰብስቦ፣ ካህኑ ማዕዱን ባርኮ፣ ሰው በልቶ ሲያበቃ፣ ሌላ ነገር ሳይጀመር ተነሥታችሁ በሉት። ሰባት ስምንት ድምፅ ይበቃል። በገና የሚደረድር ካገኛችሁ ለእንዲህ ያለ ቃል ከከበሮ ይልቅ ይስማማዋል፤ ዐሥሩ አውታር ቃሉን አይሸፍነውም፣ ለጭብጨባም አይመችም። ስትጀምሩ «መዝሙር እናቀርባለን» አትበሉ፤ «ለእኅታችን የምስጋና ግጥም አለን» በሉ። ይህቺን አንዲት ቃል ብቻ ብታስተካክሉ ከኃላፊው ጋር ያላችሁ ጠብ ግማሹ ይቀራል።

ከዚያ በፊት ግን ለንስሐ አባትሽ አሰሚያቸው። በወረቀት ሰጥተሽ አትመለሺ፤ ከነዜማው በይላቸው፣ ወረቀት ላይ የማይታይ ነገር በጆሮ ይያዛልና። ጥር ሳይደርስ ለማረም ጊዜ እንዲኖርሽ በኅዳር ሂጂ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።